3.01 ጨምረህ ያስተካከልከው የላውድነስ መለኪያ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የላውድነስ መለኪያ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጮክ እንደሚል የሚለካ ፕሮግራም) በሲ ፕላስ ፕላስ እየጻፍኩ ነው። የተከተልኩት ቢኤስ.1770ን፣ የዓለም አቀፉን ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የላውድነስ መስፈርት፣ ነው። በሁለቱም ቻናል -23 ዲቢኤፍኤስ (ከዲጂታሉ ከፍተኛ ወሰን 23 ዴሲቤል ዝቅ ያለ) የሆነ የ1000 ኸርዝ ሳይን፣ ማለትም ንጹሕ የሙከራ ድምፅ፣ ሳስገባ -23.0 ማለት ሲገባው -26.0 አለኝ። መጨረሻ ላይ 3.01 ጨመርኩና ተስተካከለ። አሁን ግን ሞኖ ፋይል ላይ ከሌሎች መለኪያዎች በ3 ከፍ ይላል። ሙዚቃ ላይ አንዳንዱ ፋይል ልክ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በ1 ወይም በ2 ዝቅ ይላል። የ44.1 ኪሎኸርዝ ፋይሎች (በሰከንድ 44100 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ናሙና፣ ያላቸው) ትንሽ ከፍ ይላሉ። የባፈሩን (ድምፁ በአንድ ጥሪ የሚቀርብበትን ቁራጭ) መጠን ስቀይር ንባቡም ይቀየራል። ባዶ ጸጥታ ሳስገባ ደግሞ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ይመጣል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሰላም ወንድሜ። አንድ ቦታ አይደለም የተሳሳትከው። የዘረዘርካቸው ስድስት ምልክቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ደግነቱ እንዲህ ዓይነት መለኪያ ሲሳሳት ዝም ብሎ አይሳሳትም። እያንዳንዱ የተዘለለ ወይም የተበላሸ እርምጃ የራሱ የሆነ ቁጥር ጥሎ ያልፋል። ስለዚህ ልዩነቱን በቋሚ ቁጥር ከመሸፈንህ በፊት ስንት እንደሆነ በደንብ አንብበው።

በመጀመሪያ ያቺን 3.01 አውጣት። እሷ እያለች ሌላው ሁሉ ይምታታብሃል።

አሁን -23.0 ከየት እንደሚመጣ እንቁጠር። ጫፉ -23 ዲቢኤፍኤስ የሆነ ሳይን፣ የካሬው አማካይ ከጫፉ ካሬ ግማሽ ነው። በዴሲቤል -26.01 ማለት ነው። ሁለት ቻናል አለህ፤ መስፈርቱ ደምር ነው የሚልህ። ሁለት እኩል ኃይል ሲደመር 3.01 ይጨምራልና -23.0 ላይ ትደርሳለህ። በመሃል የኬ ፊልተር፣ ማለትም ድምፁን ጆሮ እንደሚሰማው የሚያመዛዝነው የመስፈርቱ ማጣሪያ፣ 1000 ኸርዝን በ0.69 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያደርጋል። በቀመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው -0.691 ይህንኑ ለማጣፋት የተቀመጠች ናት። ተጣፍተው -23.0 ይቀራል።

አንተ ያገኘኸው -26.0 ነው። ይህ የቻናሎቹን ኃይል ደምረህ ለቻናል ብዛት ያካፈልክ መሆንህን ይናገራል። ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል፣ ምክንያቱም «አማካይ» የሚለው ቃል በጊዜ ላይ ያለውን አማካይ ብቻ እንደሚመለከት አያስተውልም። በጊዜ ላይ አማካይ ትወስዳለህ፣ በቻናሎች ላይ ግን ድምር ነው። ማካፈሉን ስታጠፋ ስቴሪዮው -23.0 ይሆናል። ሞኖውም አብሮ ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ሞኖ ላይ ለ1 ስታካፍል ምንም አልተጎዳም ነበር። ያበላሸው የጨመርከው 3.01 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም 3.01 የብዙ ጥፋቶች ፊት ነው። አንደኛው አሁን ያየነው ነው። ሁለተኛው ሞኖ ራሱ ነው። ያው -23 ሳይን በአንድ ቻናል ብቻ ሲመጣ በመስፈርቱ መሠረት ትክክለኛው ንባብ -26.0 ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ሞኖውን በሁለት ድምፅ ማጉያ እንደሚወጣ ቆጥረው 3 የሚጨምሩበት ምርጫ አላቸው። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የድምፅና የቪዲዮ ፕሮግራምም ውስጥ ይህ ምርጫ አለ። ስታወዳድር እሱ በርቶ እንደሆነ መጀመሪያ እይ። ሦስተኛው የሙከራ ድምፁን የፈጠረልህ ፕሮግራም ነው። «-23 ዲቢኤፍኤስ» ሲል አንዳንዱ የማዕበሉን ጫፍ ማለቱ ነው፣ ሌላው አርኤምኤስ (የካሬዎቹ አማካይ ሥር) ማለቱ ነው። በአርኤምኤስ -23 የሆነ ሳይን ጫፉ -20 ላይ ነው ያለው፤ ትክክለኛ መለኪያ ላይ -20.0 ያሳያል። ስለዚህ የሙከራ ሳይኑን በራስህ ኮድ ፍጠረው። ጫፉ 10 በ-23/20 ኃይል፣ ማለትም 0.0708 አካባቢ ይሁን። ለመፍጠር ሁለት መስመር ለማይሞላ ነገር የሰው ፕሮግራም ማመን አያስፈልግም።

ቀጥሎ ባፈሩን አስተካክል። ይህን ከሙዚቃውም ከ44.1ውም የማስቀድመው ምክንያት አለኝ። ንባቡ በባፈር መጠን የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሌላ የምታየው የአስርዮሽ ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይምጣ ከሌላ አታውቅም።

ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ የፊልተሩ ማስታወሻ፣ ማለትም ያለፉትን ሳምፕሎች የሚይዙት ተለዋዋጮች፣ በየጥሪው እንደ አዲስ ዜሮ እየሆኑ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ፊልተሩ በኦዲዮ ጥሪው ውስጥ እንደ አካባቢያዊ ተለዋዋጭ ሲፈጠር ነው። ያኔ በየ512 ሳምፕሉ ፊልተሩ ከባዶ ይነሳል። ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠው ሃይ ፓስ ደግሞ ለመረጋጋት በርካታ ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ 512 ሳምፕል በ48 ኪሎኸርዝ ጠቅላላ ዕድሜው 10.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ማስታወሻው የክላሱ አባል መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ቻናል ለብቻው፣ ለእያንዳንዱ የፊልተር ደረጃም ለብቻው። ስቴሪዮ ላይ አራት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የልኬት ብሎኩ በባፈር ወሰን እየተቆረጠ ይሆናል። ብሎኩ 400 ሚሊሰከንድ ነው፣ በየ100 ሚሊሰከንዱ አዲስ ይጀምራል። በ48 ኪሎኸርዝ 19200 ሳምፕልና 4800 ሳምፕል ማለት ነው። 4800 ለ512 ያለ ቀሪ አይካፈልም። «ባፈሩ ሲያልቅ ካለፈ ብሎኩን ዝጋ» ብለህ ከጻፍክ አንዴ 4608፣ አንዴ 5120 ሳምፕል እየቆጠርክ ነው። እኔ የምመርጠው መንገድ ቀላል ነው። የካሬዎችን ድምር በ100 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ያዝ። ቆጣሪው 4800 ሲሞላ፣ ባፈሩ መሃል ላይ ብትሆንም፣ ቁራጩን ዝጋና አዲስ ጀምር። የመጨረሻዎቹ አራት ቁራጮች ድምር አንድ ብሎክ ነው። ከአራት ቁራጭ በታች ከሆነ ብሎክ የለም፤ በዜሮ ሞልተህ አትቁጠር። ፋይሉ ሲያልቅ የተንጠለጠለውንም ቁራጭ ጣለው።

ማረጋገጫው፦ አንድ ፋይል በ1 ሳምፕል ባፈር፣ በ512፣ በ4801፣ ከዚያም ሙሉውን በአንዴ አሳልፈው። ሒሳቡ ሳምፕል በሳምፕል በአንድ ቅደም ተከተል እስከሄደ ድረስ ውጤቱ እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ መሆን አለበት። «ተቀራራቢ ነው» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

አሁን በ48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ሳይን ላይ ሞክር። ምን ሊያሳይህ እንደሚችል ልንገርህ። -22.3 ካለ -0.691ን ረስተሃል። -11.8 ካለ ሥር አውጥተህ (አርኤምኤስ ሠርተህ) በ10 ሎግ አባዝተሃል። -45.3 ካለ በተቃራኒው ሥር ሳታወጣ በ20 ሎግ አባዝተሃል። +67.3 ካለ የ16 ቢት ቁጥሮችን ለ32768 ሳታካፍል ነው ያስገባሃቸው። ቁጥሩ ሽቅብ ሄዶ ወሰን አልባ ከሆነ የፊልተሩ ኮኤፊሸንቶች (የማባዣ ቁጥሮች) ምልክት ተገልብጧል፤ አንዳንዱ ኮድ የኋለኛዎቹን ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ተቀናሽ አድርጎ አስቀምጦ ይደምራል፣ ሁለቱን መቀላቀል ፊልተሩን ያፈነዳዋል።

-23.7 ካለ ግን ቆም በል። ይህ ሁለት በሽታ አንድ ምልክት የሚያሳዩበት ቦታ ነው። አንዱ፣ የኬ ፊልተሩ ጨርሶ አልሠራም፣ -0.691 ብቻ ተቀንሷል። ሌላው፣ ግራና ቀኝ ተፈራርቀው የተቀመጡትን ሳምፕሎች በአንድ ፊልተር ውስጥ እያሳለፍክ ነው። ያኔ ፊልተሩ ሳምፕል ሬቱ እጥፍ የሆነ ይመስለዋል፣ 1000 ኸርዙን እንደ 500 ያየዋል፣ እዚያ ላይ ደግሞ የሚጨምረው ነገር ከምንም አይቆጠርም። ለመለየት ሳይኑን 10000 ኸርዝ አድርገው። ፊልተሩ ካልሠራ አሁንም -23.7 ነው። ከሠራ፣ በትክክልም ሆነ በስህተት፣ -19.7 አካባቢ ይሆናል፣ ምክንያቱም የላይኛው ድምፅ 4 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል።

የ44.1ው ጉዳይ ቀላል ነው። በቢኤስ.1770 ሰነድ ላይ የታተሙት ኮኤፊሸንቶች፣ በ1.5351 የሚጀምሩት፣ ለ48 ኪሎኸርዝ ብቻ ናቸው። በ44.1 ስትጠቀምባቸው የፊልተሩ ኩርባ በሙሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። 1000 ኸርዝ ሳይን -22.8 ያህል ያሳያል። አንተም «ትንሽ ከፍ ይላል» ያልከው ይኸው ነው። በ96 ኪሎኸርዝ ደግሞ በተቃራኒው -23.65 አካባቢ ይወርዳል። ሦስቱንም ሬት በሳይን ሞክረህ እነዚህን ቁጥሮች ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሔው ለየሬቱ ኮኤፊሸንት ማስላት ነው። ከ48ቱ ቁጥሮች ወደ ኋላ ሲሰላ የመጀመሪያው ደረጃ ማዕከሉ 1681.97 ኸርዝ፣ ከፍታው 4 ዴሲቤል፣ ኪው (የኩርባው ሹልነት) 0.7072 የሆነ ሼልፍ፣ ማለትም የላይኛውን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ማጣሪያ፣ ነው። ሁለተኛው 38.14 ኸርዝና ኪው 0.5003 የሆነ ሃይ ፓስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 1681.97 የፖሎቹ (የፊልተሩ ቀመር አካፋይ ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች) ድግግሞሽ ነው። በየቦታው የሚገኘው የተለመደው የሃይ ሼልፍ ቀመር ግን ድግግሞሽ ሲጠይቅህ የሚፈልገው የኩርባውን መካከለኛ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ 1681.97ን ካስገባህ ሳይኑ -23.2 ይሆናል። ለዚያ ቀመር 1500 ኸርዝ ነው የሚገባው። ሃይ ፓሱ ላይ ደግሞ የሰነዱ የፊት ኮኤፊሸንቶች 1፣ -2፣ 1 ናቸው፤ ሳይስተካከሉ እንዲሁ ነው የሚገቡት። «ቤተ መጻሕፍቴ ያስተካክላቸዋል» ብትል የሚመጣው ልዩነት 0.04 ዴሲቤል ነው፣ አያሳስብም። ስሌቱን በደብል (በ64 ቢት ቁጥር) ሥራው። የሃይ ፓሱ ፖሎች ለ1 በጣም ቅርብ ናቸው፣ በነጠላ ፍሎት እዚያ ሰፈር ቁጥር ይጠፋል።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ጥያቄህ ውስጥ ደስ ያለኝ ይህ ነው፣ «አንዳንዱ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ዝቅ ይላል» ማለትህ። ልክ የሚሆኑት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጩኸት ያላቸው ዘፈኖች ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ዝቅ የሚሉት ቀስ ብለው የሚጀምሩት ወይም መሃል ላይ ረጋ የሚሉት ናቸው። ይህ ከሆነ ጥርጣሬዬ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ጌቱ (ጸጥ ያሉትን ብሎኮች የሚጥለው እርምጃ) ላይና አማካዩ ላይ። ሁለቱም ሲሳሳቱ ወደ ታች ብቻ ነው የሚጎትቱት፣ ለዚህ ነው ከፍ ያለ ፋይል ያላየኸው።

የጌቱ አሠራር እንዲህ ነው። ከ-70 ኤልዩኤፍኤስ (የላውድነስ ንባቡ አሃድ) በታች ያሉ ብሎኮች ይጣላሉ። የቀሩት ኃይላቸው ተደምሮ አማካይ ይወሰዳል። ከዚህ አማካይ 10 ኤልዩ (አንድ ኤልዩ አንድ ዴሲቤል ነው) ዝቅ ያለው ሁለተኛው ወሰን ነው። ከሱ በታች ያሉት ደግሞ ይጣላሉ፣ የተረፉት እንደገና አማካይ ይወሰድላቸዋል። መጨረሻው ቁጥር ያ ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት «አማካይ» የሚለው ላይ ነው። እያንዳንዱን ብሎክ ወደ ዴሲቤል ቀይረው ዴሲቤሎቹን ያማክላሉ። አይሆንም። ሎግ የሚወሰደው አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር በኃይል ይሁን። እንዲያውም ይቀልሃል፤ 10 ኤልዩ መቀነስ ማለት በ0.1 ማባዛት ነው፣ የ-70 ወሰንም በኃይል ሲገለጽ ወደ 0.000000117 ነው። ንጽጽሩ ያለ አንድ ሎግ ይሠራል።

ሌላው ስህተት ጌቱን በቀጥታ እየሠሩ ማለፍ ነው። ብሎክ ሲመጣ በዚያ ሰዓት ካለው ወሰን ጋር አነጻጽሮ መጣል። ወሰኑ ግን ይንቀሳቀሳል። ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ሲጀምር ያሳለፍካቸው ብሎኮች ጩኸቱ ሲመጣ መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ የሁሉንም ብሎኮች ኃይል መያዝ አለብህ። ማህደረ ትውስታ አይሙላብኝ ብለህ አትስጋ። በሰከንድ 10 ቁጥር ነው። አንድ ሰዓት 36000 ደብል፣ ማለትም 288 ኪሎባይት ነው። ሙሉ ቀን እንኳ 7 ሜጋባይት አይሞላም። ሂስቶግራም ምናምን የሚባለውን ያለ ምክንያት አትነካካው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በቴክ 3341 ሰነዱ ካስቀመጣቸው ሙከራዎች ሁለቱ ይበቁሃል። ሁለቱም 1000 ኸርዝ ስቴሪዮ ሳይን ናቸው፣ ራስህ መፍጠር ትችላለህ። አንዱ፦ 10 ሰከንድ በ-36፣ 60 ሰከንድ በ-23፣ 10 ሰከንድ በ-36። ሁለተኛው፦ 20 ሰከንድ በ-26፣ 20.1 ሰከንድ በ-20፣ 20 ሰከንድ በ-26። ሁለቱም -23.0 ማለት አለባቸው፣ የሚፈቀደው ስህተት 0.1 ነው።

የመጀመሪያው -24.2 ካለ ሁለተኛው ወሰን የለህም ወይም አልሠራም። ወደ -26.2 ከወረደ ዴሲቤሎችን እያማከልክ ነው፤ ያኔ ወሰኑ -36.2 ላይ ወርዶ -36ቱ ሾልከው ይገባሉ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ጌቱ የሚጥለው ብሎክ የለም፣ ስለዚህ አማካዩን ብቻ ነጥሎ ያሳይሃል። -24.0 ካለ ዴሲቤል ማማከልህ ተረጋገጠ።

ከሌላ መለኪያ ጋር ስታወዳድርም ዕድሜውን ጠይቅ። የ2006ቱ የመጀመሪያው ቢኤስ.1770 ጌት አልነበረውም። ጌቱ የገባው በ2011 በወጣው ሁለተኛው ክለሳ ነው። የ2010ሩ አር 128፣ የአውሮፓው ብሮድካስቲንግ ኅብረት የላውድነስ ምክረ ሐሳብ፣ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወሰኑ 10 ሳይሆን 8 ኤልዩ ነበር፣ በኋላ ነው የተስማሙት። በዚያን ጊዜ ከተጻፈ ነገር ጋር ባትስማማ ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል። እና ደግሞ ከምን ጋር ምን እያወዳደርክ እንደሆነ ተመልከት፤ የ400 ሚሊሰከንዱና የ3 ሰከንዱ ንባብ ጌት የላቸውም፣ ጌት ያለው የሙሉ ፕሮግራሙ ንባብ ብቻ ነው።

ዙሪያ ድምፅ ላይ ስትደርስ የኋላዎቹ ሁለት ቻናሎች በ1.41 ይባዛሉ፣ የባስ ቻናሉ ጨርሶ አይቆጠርም። የዚህም ሙከራ እዚያው ሰነድ ላይ አለ፦ ግራና ቀኝ -28፣ መሃል -24፣ የኋላዎቹ -30። ከ-23.0 ይልቅ -23.4 ካየህ 1.41ዱን ዘለኸዋል።

የቀረው ናን ነው። ባዶ ጸጥታ ላይ ኃይሉ ዜሮ ነው፣ የዜሮ ሎግ ደግሞ ከዜሮ በታች ወሰን አልባ ነው። ያ ብቻውን ናን አይደለም። ናን የሚሆነው ምንም ብሎክ ጌቱን ሳያልፍ ሲቀር ዜሮን ለዜሮ ስታካፍል ነው። ከማካፈልህ በፊት ያለፉት ብሎኮች ቁጥር ዜሮ መሆኑን ፈትሽ፣ ዜሮ ከሆነ «ልኬት የለም» ብለህ መልስ። ከ400 ሚሊሰከንድ ያነሰ ፋይልም መልሱ ያው ነው። -70 ወይም 0 ብለህ አትመልስ፤ ያን ቁጥር ተቀብሎ ድምፁን በ47 ዴሲቤል ከፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ከኋላህ ሊኖር ይችላል።

ናኑ ጸጥታው ካለፈ በኋላም ካልለቀቀህ ግን ሌላ ነው። ፊልተሩ የራሱን ያለፈ ውጤት መልሶ ስለሚበላ፣ አንዴ የገባ ናን ማስታወሻው እስኪጠረግ አይወጣም። ያ ማለት ናኑ የመጣው ከሚገባው ሳምፕል ነው፤ ከዲኮደሩ ወይም ከፊትህ ካለው ፕለጊን። መግቢያው ላይ ፈትሽና ያልተለመደውን ሳምፕል በዜሮ ተካው፣ መዝግበውም። እግረ መንገድህን፣ ጸጥታ ሲጀምር የፕሮሰሰሩ ጫና ድንገት የሚጨምር ከሆነ እሱ ናን አይደለም። ፊልተሩ ወደ ዜሮ እየተጠጋ በጣም ጥቃቅን የሆኑ ዲኖርማል ቁጥሮች ውስጥ ገብቶ ነው። በኦዲዮው ትሬድ ላይ እነሱን ወደ ዜሮ የሚያወርደውን የፕሮሰሰር ምርጫ አብራ፣ ንባብህ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም።